«ለምን በኔ ልጅ?» ከሱሉልታ የተጻፈ ትዝብት

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ናት። ዳገቱን ጨርሳችሁ የጎጃምን መንገድ ይዛችሁ ስትወርዱ ሜዳው በአንዴ ይከፈታል፣ ነፋሱም ፊታችሁን ይገርፋችኋል። ጠዋት ሯጮች ያልፋሉ፣ ቀን ወተት የጫኑ ባጃጆች፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ ይጮኻል። እህቴ ቤቷን እዚያ ከሠራች 9 ዓመት ሆናት። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሌሊት ፈረቃ ስሠራ 18 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዘንድሮ ሁለት ወር ፈቃድ ወስጄ መጣሁ።

በመጣሁ በአራተኛው ቀን ጠዋት ግቢ ውስጥ ጩኸት ሰማሁ። ስወጣ የሰርቪስ ቤቷ ተከራይ ልጅ መሬት ላይ ወድቋል። የ11 ዓመት ልጅ ነው። ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ አረፋ ደፍቋል። ሰው ተሰብስቧል፣ ግን የሚነካው የለም። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይይዛል። አንዷ «አትንኩት፣ አረፋው ይተላለፋል» እያለች ትጮኻለች። እናቱ ብቻ ተንበርክካ ጭንቅላቱን አቅፋዋለች። ሄጄ በጎኑ አስተኛሁት፣ ነጠላዬን አጣጥፌ ከራሱ ሥር አደረግሁ፣ ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አለፈለት።

የሚጥል በሽታ ነው። አይተላለፍም። ክብሪትም አያቆመውም፣ ልጁን ሊያቃጥለው ግን ይችላል። እናትየው ይሄን በከፊል ታውቃለች፤ ጤና ጣቢያ ወስዳው ፌኖባርቢታል ጀምሮ ነበር። ወር ከምናምን ዋጠ። ከዚያ አቆመ። ለምን አቆምሽ ስላት፣ ፀበል ስትጀምር ክኒኑን ተዪ፣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም ብለው እንደመከሯት ነገረችኝ። በዚያ ላይ ከጎረቤት አንዷ ልጁን ዓይን ነው የበላው ብላታለች። ሸክላ እያዞረች የምትሸጥ ሴትዮ በር ላይ ቆማ አይታዋለች ተብሏል።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ጠየቀችኝ። «እትዬ፣ እርስዎ የሚኖሩበት አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም አይደል?»

ወዲያው አልመለስኩላትም። ምክንያቱም እውነተኛው መልስ «አለ፣ እንዲያውም ብዙ አለ» የሚል ነው፣ እሱን ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ብሄድ «እንግዲያው እኛም ልክ ነን» ብላ እንዳትቀር ፈራሁ። ስለዚህ መልሱን እዚህ ልጻፈው።

እኔ በምሠራበት ፈረቃ ላይ «ዛሬ ጸጥ ብሏል» ማለት ነውር ነው። ነርሶቹ ይቆጣሉ። ያ ቃል ከአንድ ሰው አፍ ከወጣ ሌሊቱ ይበጠበጣል ብለው ያምናሉ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን በሽተኛው ሁሉ ይረበሻል ይላሉ። ሰው ሲሞት ነፍሱ እንድትወጣ መስኮት የሚከፍቱ አሉ። እነዚህ ኮሌጅ የጨረሱ፣ መድኃኒት በሚሊግራም የሚያሰሉ ሰዎች ናቸው። ብዙ ሕንፃ ውስጥ አሳንሰሩ ከ12ኛ ፎቅ ወደ 14ኛ ይዘላል፣ 13 የሚባል ቁጥር የለውም። ጋሉፕ በ2005 እ.ኤ.አ. ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከአራት አሜሪካውያን ሦስቱ ገደማ ሳይንስ በማይቀበለው ቢያንስ በአንድ ነገር እንደሚያምኑ ተናግረዋል። መንፈስ የሰፈረበት ቤት አለ ብለው የሚያምኑት ብቻ 37 ከመቶ ነበሩ።

ይሄ የተራው ሰው ነገር ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። የፕሬዚዳንት ሬገን ባለቤት ናንሲ ሬገን ባላቸው በጥይት ከተመቱ በኋላ የፕሬዚዳንቱን ጉዞና ስብሰባ ቀን በኮከብ ቆጣሪ ያስወስኑ እንደነበር በ1988 እ.ኤ.አ. ወጣ። በእኛ አገር ዐውደ ነገሥት ገልጦ «ማክሰኞ አትውጣ» ከሚል ደብተራ በምን ይለያል? የአሜሪካ ጦርና የስለላ ድርጅቱ ደግሞ ቤት ተቀምጠው ሩቅ ያለውን ምስጢር በሐሳብ ያያሉ የተባሉ ሰዎችን ቀጥረው ሃያ ዓመት ያህል ሠርተዋል፤ ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል።

እንግዲህ ያ አገር ከእምነት የጸዳ አይደለም። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? እኔ በ18 ዓመት ያየሁት አንድ ነገር ነው። እዚያ የሚቆጥር ሰው አይጠፋም። የጨረቃውን ነገር ተመራማሪዎች የሆስፒታል መዝገብ ገልጠው፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና ባልሆነችበት ሌሊት የመጣውን በሽተኛ ቆጥረው አወዳድረውታል፣ አብዛኞቹ ጥናቶችም ልዩነት አላገኙም። የስለላውን ፕሮግራም ገምጋሚዎች አዩት፣ ለሥራ የሚሆን አንድም መረጃ አልሰጠም አሉ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ጄምስ ራንዲ የሚባል የምትሃት ባለሙያ ነበር፤ በፈተና ቆሞ ከተፈጥሮ በላይ ኃይል እንዳለው ለሚያሳይ ሰው ሽልማት አቀረበ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. በ1000 ዶላር የተጀመረው በኋላ 1 ሚሊዮን ደረሰ። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ አንድ ሰው እንኳ አልወሰደውም።

ይኸው ራንዲ በ1986 እ.ኤ.አ. ያደረገውን ደግሞ እኛ አገር ሁሉ ሰው ቢሰማው ደስ ይለኛል። ፒተር ፖፖፍ የሚባል ሰባኪ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው ፊት ቆሞ፣ አይቶት የማያውቀውን ሰው በስም ይጠራል፣ ሰፈሩን ይናገራል፣ በሽታውን ይናገራል። ሕዝቡ ያለቅሳል። ራንዲና ጓደኞቹ የሬዲዮ መቃኛ ይዘው አዳራሹ ገቡ። ሰውየው ጆሮው ውስጥ ትንሽ መቀበያ ነበረችው። ከጀርባ ሆና የምታነብለት ሚስቱ ነበረች፣ ሰዎቹ ሲገቡ ከሞሉት የጸሎት ወረቀት ላይ። ቅጂው በቴሌቪዥን ቀረበ። ፖፖፍ ከሰረ። ይሄም ሆኖ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ፣ ገንዘብ የሚልክለትም አላጣም። እንግዲህ መቁጠርም ሁሉንም ሰው አያድንም።

በከተማችን ዳር ዳር የሚተከሉትን ድንኳኖች ሳይ ይሄ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ስልክ ቁጥር የሚጠራ፣ የባንክ ሂሳብ የሚናገር፣ ዊልቸር የሚያስጥል። እዚያ የሚሄዱት ሞኞች አይደሉም። የጨነቃቸው ናቸው። የጨነቀውን ሰው የሚያታልል ግን በማንም አምላክ ስም ይቅርታ አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ለዚያች እናት የሚያጽናና መስሎ ስለሚታየኝ። ልጅ ከሐኪም ከልክሎ በጸሎት ብቻ ማቆየት እዚያም አለ። ኦሪጎንና አይዳሆ በሚባሉት ክፍለ ግዛቶች በመድኃኒት ሊድኑ የሚችሉ ልጆች በዚህ ምክንያት ሞተዋል። ኦሪጎን በ2011 እ.ኤ.አ. ወላጅ «እምነቴ ነው» ብሎ ከክስ የሚያመልጥበትን ሕግ አስወገደች። እምነቱን ማንም አልከለከላቸውም። ልጁን ግን ሕጉ የኔም ነው አለ።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ከውጭ የምንመጣ ሰዎች ሁለት መጥፎ አመል አለን። አንዳንዶቻችን ከቦሌ ሳንወጣ መስደብ እንጀምራለን፤ ይሄ ሕዝብ መቼ ይነቃል እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ እዚያ ብርዱና ዘረኝነቱ ስላቆሰለን፣ እዚህ ያለው ሁሉ ወርቅ ይመስለናል፤ ክታቡም ጥበብ፣ ቃልቻውም ሐኪም፣ ነጮቹ ናቸው ያጣጣሉብን እንላለን። የጋናው ፈላስፋ ክዋሲ ዊሬዱ ለሁለቱም መልስ ሰጥቷል። በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያነሳው ነጥብ ቀላል ነው፦ የአፍሪካን የመንደር እምነት ከአውሮፓ ላቦራቶሪ ጋር አታወዳድሩ። መንደርን ከመንደር፣ ላቦራቶሪን ከላቦራቶሪ አወዳድሩ። የኛን ጎረቤት ከአንስታይን ጋር ካወዳደርናት ሁሌም ትሸነፋለች። ከሥራ ባልደረባዬ፣ መስኮት ከምትከፍተዋ ነርስ ጋር ካወዳደርናት ግን እህትማማች ናቸው።

ዊሬዱ በዚህ አላቆመም፣ ብዙ ሰው ደግሞ እዚህ ጋ ይተወዋል። የአባቶች ስለሆነ ብቻ አንድን ነገር መያዝ አፍሪካን እየጎዳት ነው ይላል። የቤኒኑ ፖሊን ሁንቶንጂ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በ1976 እ.ኤ.አ.፣ የአንድ ሕዝብ የጋራ እምነት ተሰብስቦ «የአፍሪካ ፍልስፍና» መባሉን ተቃወመ። በ1945 እ.ኤ.አ. ፕላሲድ ቴምፕልስ የሚባል ቤልጂጋዊ ቄስ ስለ ባንቱ ፍልስፍና ከጻፈ ጀምሮ ፋሽኑ እሱ ነበር፤ አንድ ሺህ ሰው አንድ ዓይነት ያስባል ተብሎ መጽሐፍ ይጻፋል። ሁንቶንጂ ፍልስፍና ማለት ስም ያለው ሰው ተነስቶ ሲናገር፣ ሌላ ስም ያለው ሰው ደግሞ «ተሳስተሃል፣ ምክንያቴም ይሄ ነው» ሲለው ነው አለ። ይሄ አባባል ክብር አለው። አፍሪካዊ እርስ በርሱ መከራከር ይችላል ብሎ ማመን ነውና።

እናትየውን በማግስቱ ቡና አፍልተን አናገርኳት። ስለ ክኒኑ ሳስረዳት ጸጥ ብላ ሰማችኝ። አንጎል ውስጥ መብራት እንደሚንቀጠቀጥ ዓይነት ነገር ነው፣ ክኒኑ ያረጋጋዋል አልኳት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ክኒኑ መውደቁን እንደሚቀንስ አውቃለሁ እትዬ። ለምን በኔ ልጅ እንደመጣ ግን አይነግረኝም። ሦስት ወልጄ ለምን በዚህ? ለምን አባቱ በሞተ ዓመት?»

ደነገጥኩ። ይሄን ጥያቄ ቀድሜ አንብቤው ነበር። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የሚባለው እንግሊዛዊ ስለ አዛንዴ ሕዝብ በ1937 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የጎተራ ታሪክ አለ። አዛንዴዎች በደቡብ ሱዳንና በኮንጎ አካባቢ የሚኖሩ ናቸው። ጎተራቸው በእንጨት ላይ የቆመ ነው፣ ሰው በሙቀት ሰዓት ከሥሩ ይጠለላል። አንድ ቀን ይወድቅና ሰው ይጎዳል። እንጨቱን ምስጥ እንደበላው አዛንዴው ራሱ ይነግራችኋል። እሱ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ለምን ልክ እነዚህ ሰዎች በተቀመጡበት ሰዓት? አስማት የሚለው መልስ የሚመጣው ለዚህኛው ጥያቄ ነው። ምስጡን ክዶ አይደለም።

እኔ በምሠራበት ቤት ልጃቸውን በመኪና አደጋ ያጡ አሮጊት ነበሩ። ሐኪሙ ምን እንደገደለው በዝርዝር ነግሯቸዋል፣ የሞት ወረቀቱም አለ። ሌሊት ሌሊት ግን እጄን ይዘው «ለምን እሱ?» ይሉኝ ነበር። የሱሉልታዋ እናትና የሜሪላንዷ አሮጊት አንድ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። ሳይንስ ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ «በአጋጣሚ» ነው። ትክክለኛ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ለሚያለቅስ ሰው የሚሰጥ መልስ አይደለም፣ የሚያለቅስ ሰው አጠገቡ የሚቀመጥ ነው የሚፈልገው። ፀበሉ ቦታ ያገኘችው እሱን ነው። አብሯት የሚጠመቅ ሰው፣ «እግዚአብሔር ይማርልሽ» የሚላት ሰው። ጤና ጣቢያው ግን በሦስት ደቂቃ ክኒን ሰጥቶ ሸኝቷታል።

ክፉው ነገር የሚጀምረው «ለምን በኔ ልጅ?» የሚለው ጥያቄ ሰው መጠቆም ሲጀምር ነው። «ዓይን በላው» ስንል ዓይኑ የማን ነው? ሁሌም የድሀ ነው። የሸክላ ሠሪዋ ነው፣ የቀጥቃጩ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ቀጨኔ ውስጥ ሴቶች ስንት ትውልድ ጭቃ ሲያቦኩ ኖረዋል። ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ ድስቱን ከነሱ እንገዛለን። እጃቸው በነካው ድስት ወጥ ሠርተን በልተን፣ ልጃችን ሲታመም ግን ቡዳ ናቸው እንላለን፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እንላለን። ሱሉልታ ላይ ጅብ ስለሚጮኽ ይሄ ወሬ ለልጆች ጆሮ ቅርብ ነው፤ የእህቴ ልጅ በዚህ ፈርቶ ሌሊት ሽንት ቤት አይወጣም። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ አራሹን የሚያዋርድ ሰው አገር ያጠፋል ነው ነገሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ እዚያው ከተማ ዳር ያቺ ሸክላ የምትሸጥ ሴትዮ ወደ እህቴ ግቢ መምጣት አቁማለች። ልጆቹ ድንጋይ ወርውረውባት ነው። ይሄን ስሰማ ነው በእውነት የተናደድኩት። የእምነት ስህተት ዋጋ ሲኖረው፣ የሚከፍለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ነው።

ሮቢን ሆርተን የሚባል ሌላ ምሁር በ1967 እ.ኤ.አ. የጻፈው ስለዚህ ይረዳኛል። መንፈስ የሚለውም ሰው አቶም የሚለውም ሰው፣ የሚታየውን በማይታይ ነገር ሊያስረዳ ነው የሚሞክረው አለ። እስከዚህ ዘመዳሞች ናቸው። የሚለያዩት ሌላ መልስ ሊኖር እንደሚችል በማሰብ ላይ ነው። ቡዳ ነው ተብሎ ጸሎቱ ካልሠራ፣ «ጠንካራ ቡዳ ነው» ይባላል እንጂ «ምናልባት ቡዳ ላይሆን ይችላል» አይባልም። ዊሬዱ ሆርተን የመንደር እምነትን ከሳይንስ ጋር ማወዳደሩን አልተቀበለውም፣ ምክንያቱም ከላይ ያልኩት ነው፤ መንደርን ከመንደር። ይቺን ነገር ግን እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ሜሪላንድም ሱሉልታም።

መጠየቅ የነጭ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። «ሐተታ» በሚባለው የፍልስፍና መጽሐፉ እንደሚነበበው ዘርአ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ በ1599 እ.ኤ.አ. ተወለደ፣ በሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ኖረ። እዚያ ሆኖ ሁሉም የራሴ ሃይማኖት ነው ትክክል ይላል፣ ታዲያ ፈራጁ ማነው ብሎ ጠየቀ። መልሱ እግዚአብሔር የሰጠን ልቡና ነው የሚል ነበር። ባልና ሚስት በትዳር እኩል ናቸው ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ሐተታውን የጻፈው ራሱ ጣሊያናዊው መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚሉ አሉ፤ ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ያነሳው ክርክር ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሟግተዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። እኔ ክርክሩን እወደዋለሁ። ስለ ምርመራ የተጻፈ መጽሐፍ ራሱ ቢመረመር ምን ክፋት አለው?

የጽሑፉ ባለቤት የማያከራክር ሰው ከፈለጋችሁ ደግሞ ተመራማሪው አክሊሉ ለማ አለ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ሄዶ፣ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ውሃው ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈዋል። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ሴቶቹ እንዶድ እንደሚያጸዳ ያውቃሉ፣ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ግን ማንም ቆጥሮ አላረጋገጠም ነበር። እሱ ወስዶ ሞከረው። እሱና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ባህሉን አልናቀም፣ እንዲሁ አምኖም አልተቀበለም። መረመረው።

አንዳንዴ ደግሞ መንደሩ በግማሽ ልክ ሆኖ ይገኛል። ዝሆኔ የተባለውን የእግር እብጠት ብዙ ቦታ የዘር ነው፣ እርግማን ነው ይሉታል፣ ከቤተሰቡም አይጋቡም። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እዚህ አገር ሲሠራ፣ በደጋ የሚታየው ዓይነት ከቀይ አፈር እንደሚመጣ አሳየ፤ በባዶ እግር ሲሄዱ ጥቃቅን የማዕድን ብናኝ በቆዳ ይገባል። ጫማ ይከላከለዋል። ያኔ «እርግማን» የሚለው ወደቀ። በ2012 እ.ኤ.አ. ግን ደቡብ ኢትዮጵያ ላይ የተደረገ ጥናት አንዳንድ ሰው በዘር ለዚያ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ እንደሆነ አገኘ። በቤተሰብ ይሄዳል ያሉት እናቶች የሚያዩትን ነበር የተናገሩት። መፍትሔው ግን አለመጋባት አልነበረም፣ ጫማ ነበር።

የራሴንም ልንገራችሁ። አሜሪካ በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሼ ስተኛ ዱካክ ይጫነኝ ጀመር። ዓይኔ ተከፍቷል፣ ክፍሉ ይታየኛል፣ ደረቴ ላይ አንድ ከባድ ነገር ተቀምጧል፣ መጮኽ አልችልም። ልጅ ሆኜ እናቴ ትራሴ ሥር ቢላ ታደርግልኝ ነበር፣ እኔም እዚያ አፓርትመንት ውስጥ ቢላ አድርጌ ተኛሁ። አብራኝ ለምትሠራ ካናዳዊት ብነግራት፣ አያቷ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ «አሮጊቷ ደረቴ ላይ ወጣች» ይሉ እንደነበር ነገረችኝ። አንድ ነገር ነው! ሕልም በምናይበት እንቅልፍ ሰዓት አንጎል ጡንቻችንን ያስተኛዋል፣ አንዳንዴ ጡንቻው ሳይነቃ እኛ እንነቃለን። እንቅልፉ የተዛባ ሰው ላይ ይበዛል። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ዱካኩ አልቀረም፣ ፍርሃቱ ግን ለቀቀኝ። እናቴ ያለችው ነገር ውሸት አልነበረም። የምታየው ነገር እውነት ነበረ፣ ስሙን ነበር የምትሰጠው።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ይዤ በሁለተኛው ሳምንት ከእናትየውና ከልጁ ጋር እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሄድኩ። ሳይነጋ ነው የሄድነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ያ ተራራ 3200 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያው አናት ላይ የአንድ አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ከዋክብት ያያሉ። ፀበሉ ዘንድ ሰልፉ ረጅም ነበር። እኔም ተጠመቅሁ፤ በዚህ የሚገረም ካለ ይገረም፣ እምነቴ ነው። ሲያበቃ አንድ አባት ጋ ሄድንና ስለ ክኒኑ ጠየቅናቸው። «ልጄ፣ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አላነበብሽም?» አሏት። ማንበብ አትችልም፣ እሳቸው ነገሯት። ባለመድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እሱ ነው ይላል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በኤችአይቪ ጊዜ፣ ስንቱ መድኃኒቱን እየጣለ ሲሞት፣ ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ተናግረው ነበር። ያንን ድምፅ ብዙ ሰው አልሰማውም ወይ ረስቶታል።

ክኒኑን በድንገት ማቆም ራሱ መውደቁን እንደሚያብስ ነገርኳት። ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን፣ እንደገና ተጀመረለት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትክክለኛ መድኃኒት ካገኙት የሚጥል በሽታ ሕመምተኞች ከመቶ እስከ 70 የሚደርሱት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። በድሀ አገሮች ግን ከአራቱ ሦስቱ መድኃኒቱን አያገኙም።

ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ልሰናበታት ቤቷ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ፀበል የሞላ ሃይላንድና የክኒኑ ብልቃጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ የከሰል ጭረቶች አየሁ። ምንድነው አልኳት። የወደቀበትን ቀን ነው የምታሰምረው፣ ከጀመረው ጊዜ አንስቶ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት። ለእያንዳንዱ ወር አንድ ረድፍ። ማንም አላስተማራትም።

ቆጠርኩት። ክኒን ሳይጀምር በነበረው ወር ሰባት ጭረት። ክኒን በዋጠበት ወር አንድ። ባቆመበት ወር ዘጠኝ። አሁን እንደገና ከጀመረ አምስት ሳምንቱ ነው፣ አንድ ጭረት ብቻ አለ።

«አየሽው አይደል?» አልኳት።

«አይቼዋለሁ እትዬ» አለች። በጣቷ ዘጠኝ ጭረት ያለበትን ረድፍ ነካች። «ግን ይሄኛውን ወር ሰው ስለመከረኝ ብቻ አይደለም ያቆምኩት። ሁለት ጊዜ ሄጄ መድኃኒቱ አልቋል አሉኝ። እንደገና ሲያልቅ የት ሄጄ ነው የማገኘው?»